ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ቦርጭ ያጠፋል ወይ?

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን የተላከ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

“ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። አሁን ትዳር ይዤ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ እኖራለሁ። 31 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከተገላገልኩ 9 ወር ሊሞላኝ ነው። ሁለቱንም በምጥ ነው የወለድኩት። ሆዴ ግን አልገባ ብሎኛል። ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ‘ደግሞ ያዝሽ እንዴ?’ ይሉኛል። ቲክቶክ ላይ አየር አስወጥቶ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ቫኪዩም የሚሉትን አይቼ ጀመርኩ። ‘በሁለት ሳምንት ወገብ ያወጣል’ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ስሠራው ግን ያዞረኛል። የጂም አሰልጣኙ ደግሞ ‘ቫኪዩም ጊዜ ማባከን ነው፣ በቀን መቶ ሲት አፕ ሥሪ’ አለኝ። ሲት አፕ ስሠራ ሆዴ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ መሃል ለመሃል ጉብ ብሎ ይወጣል። እናቴ ‘ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ መቀነትሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ’ ትለኛለች። የማንን ልስማ? የጠባሴዋ እናት ነኝ።”

ውድ እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ቫኪዩም ይጠቅማል። ቪዲዮው ላይ ለተባለው ነገር ግን አይጠቅምም። ቦርጭ አያቀልጥም፣ በሁለት ሳምንትም ወገብ አያወጣም። የሚሰጥሽ ነገር የሆድሽን የውስጠኛ ጡንቻ እንደገና ማዘዝ መቻልን ነው። ሁለት ልጅ ለወለደች ሴት ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። “መሃል ለመሃል ጉብ ብሎ ይወጣል” ያልሽው ላይ። እሱ እስኪጣራ ድረስ ሲት አፑን ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ እሱን ያዢ።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ሆዳችን ላይ ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ቁልቁል የወረዱ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሰው “ሲክስ ፓክ” የሚላቸው እነሱን ነው። ሁለቱን መሃል ላይ የሚያያይዛቸው ጠንካራ ጅማት አለ። በእርግዝና ጊዜ ማሕፀን እያደገ ሲመጣ ይሄ ጅማት ይለጠጣል፣ ይሳሳል። ጡንቻዎቹም ግራና ቀኝ ይራራቃሉ። ሐኪሞች ዲያስታሲስ ሬክታይ ይሉታል። ብዙ ሴት ከወለደች በኋላ ቀስ እያለ ይሰበሰብላታል። ያልተሰበሰበላት ሴት ክብደቷ ቢቀንስ እንኳ ሆዷ ወደ ፊት ገፋ እንዳለ ሊቀር ይችላል። “ደግሞ ያዝሽ እንዴ?” የሚያስብለውም አንዳንዴ ይሄው ነው፤ ከስብ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ብቻዬን ነኝ ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ። ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 300 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከወለዱ በ6 ሳምንታቸው 60 በመቶ የሚሆኑት ክፍተቱ ነበረባቸው። በ6 ወር 45 በመቶ፣ በዓመቱ ደግሞ 33 በመቶ ገደማ። ልጃቸው ዓመት ሞልቶት እንኳ ከሦስቱ አንዷ ገና ነበረች ማለት ነው። አንቺ 9 ወርሽ ነው። ምንም የዘገየብሽ ነገር የለም።

አሁን ራስሽን እንዴት እንደምታዪ ልንገርሽ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በጀርባሽ ተጋደሚ። ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን ፍራሹ ላይ አሳርፊ። ሆድሽን ገልጠሽ የአንድ እጅሽን ጣቶች ከእምብርትሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ መሃሉ ላይ አስቀምጪ፤ የጣቶችሽ ጫፍ ወደ እግርሽ ይሁን። ከዚያ ጭንቅላትሽን ብቻ ቀስ ብለሽ ከትራሱ አንሺ፤ ትከሻሽ እንዳይነሳ። ያኔ ሁለቱ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ጠጠር ሲሉ ይሰማሻል። በመሃላቸው ስንት ጣት እንደሚገባ ቁጠሪ። እምብርትሽ ላይ፣ ከእምብርትሽ በታችም እንደዚሁ አድርጊ። አንድ ወይም ሁለት ጣት ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ከሁለት ጣት በላይ ከሆነ ክፍተት አለ እንላለን። ስፋቱን ብቻ አትዪ፤ ጥልቀቱንም አስተውዪ። ጣትሽ ዘው ብሎ ከገባ ጅማቱ ገና ልል ነው። ቶሎ ገትሮ ከመለሰሽ ክፍተቱ ሰፋ ቢልም ደህና ምልክት ነው። ቁጥሩን የሆነ ቦታ ጻፊው፤ በኋላ ይጠቅምሻል።

እምብርትሽ አካባቢ ተኝተሽም የማይመለስ እብጠት ካገኘሽ፣ ወይም ስትነኪው የሚያም ከሆነ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኸርኒያ፣ ማለትም አንጀት ወይም ስብ በሆድ ግድግዳ ክፍተት በኩል ሲወጣ የሚፈጠር እብጠት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውንም የሆድ ስፖርት ከመሥራትሽ በፊት ሐኪም ይየው። እብጠቱ ጠጥሮ፣ ሕመሙ ጠንክሮ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት ደግሞ ነገ አትበዪ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

ወደ ቫኪዩሙ እንመለስ። ከሲክስ ፓኩ ሥርና ከጎን ጡንቻዎቹ ሥር፣ ከሁሉም ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ጡንቻ አለ፤ ትራንስቨርሰስ አብዶሚኒስ ይባላል። ክሮቹ ወገብን ከኋላ ይዘው ወደ ፊት አግድም ይዞራሉ። ልክ እንደ እናትሽ መቀነት ነው። ሲኮማተር ሆድን ዙሪያውን ሰብሰብ ያደርጋል። ቫኪዩም የሚያሠራው በዋናነት እሱን ነው። ሲት አፕ ደግሞ በዋናነት የፊቱን ያሠራል። ስለዚህ አሰልጣኝሽ ሁለቱን አንዱ በሌላው የሚተካ ማስመሰሉ ልክ አይደለም።

ይህ ልምምድ ትናንት ቲክቶክ ላይ የተፈጠረ አይደለም። በዮጋ ኡዲያና ባንዳ ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይሠራል። በሰውነት ግንባታው ዓለም ደግሞ ስሙን ያስጠራው አሜሪካዊው ፍራንክ ዜን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1979 ሚስተር ኦሎምፒያ የተባለውን የሰውነት ግንባታ ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። መድረክ ላይ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ የጎድን አጥንቱ ሥር ባዶ ዋሻ ይመስላል። ያንን ፎቶ አይቶ ቫኪዩም ያልሞከረ ስፖርተኛ ጥቂት ነው። ግን አስተውዪ። ዜን ያንን ሲያሳይ ሰውነቱ ላይ ስብ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ስቡን ያስለቀቀው ለዓመታት የዘለቀው ብረትና የምግብ ቁጥጥር ነው። ቫኪዩሙ የተሠራውን ሰውነት ማሳያ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አየርሽን ሙሉ በሙሉ አስወጥተሽ፣ ጉሮሮሽን ዘግተሽ፣ አየር ሳታስገቢ የምትተነፍሺ ያህል የጎድን አጥንትሽን ስትከፍቺ፣ ደረትሽ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሆድም ተከትሎት ይገባል። መስታወት ፊት የሚታየው ያ አስገራሚ ጉድጓድ በአብዛኛው በዚህ በግፊቱ ሥራ የሚመጣ ነው። የጡንቻው ጥንካሬ ድርሻ የሚመስለውን ያህል አይደለም። ስለዚህ “እሷ እንዴት ገባላት፣ የእኔ ለምን እምቢ አለ?” ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። ለአንቺ የሚያስፈልግሽ ጉድጓዱ አይደለም።

ስለ ስቡ ደግሞ እቅጩን ልንገርሽ። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ካሠራነው ቦታ መርጦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 24 ሰዎችን ወስዶ ከፊሎቹን ለ6 ሳምንት የሆድ ስፖርት አሠራቸው። የሆድ ጡንቻቸው ጽናት ጨመረ። የሆዳቸው ስብ ግን የሚባል ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ መቶ ሲት አፕም ሆነ መቶ ቫኪዩም በዚህ በኩል እኩል ናቸው። አሰልጣኙ “ቫኪዩም ስብ አያቃጥልም” ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ሲት አፑም አያቃጥልም።

ታዲያ ለምን ልልፋ ትዪኝ ይሆናል። ለጀርባሽና ሆድሽን መልሰሽ ለመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ ሆጅስና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሳ ሲል ይህ ጥልቅ ጡንቻ ቀድሞ ይኮማተራል። ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሆድን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ የመሳብ ልምምድ በየሕክምና ክፍሉ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። የወለዱ እናቶች ላይም ችግሩ ብዙ ጊዜ ይታያል። ጡንቻው አለ፣ ግን ዘጠኝ ወር ተለጥጦ ከርሞ ትእዛዝ መስማት አቁሟል። እሱን ማንቃት ነው ሥራው።

ይሁንና ልኩን እንወቅ። ካናዳዊው የጀርባ አጥንት ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ከባድ ነገር ሲነሳ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብን አይመክርም። ዙሪያውን ማጠንከር ይሻላል ነው የሚለው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ስታነሺ፣ ልጅሽን ከመሬት ስታነሺ፣ ሆድሽን አትሳቢ። ልታስዪ ስትዪ ሆድሽ ዙሪያውን ጠጠር እንደሚለው አድርጊው፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ስታነሺ ትንፋሽሽን አውጪ። መሳቡ ለፍራሽ ላይ ልምምድ ነው፤ ማጠንከሩ ለኑሮ ነው። ሁለቱን አትቀላቅዪ።

አሁን አሠራሩን። አንቺ ያየሽው ትንፋሽ የሚቆለፍበትን ዓይነት ነው። እሱን ለጊዜው ተዪው። ትንፋሽ ሳይያዝ የሚሠራው ለስለስ ያለው ይበቃሻል፤ ለአንቺ የሚበጀውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽ ይታጠፍ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ አይቻልም፤ ብርድ ልብስሽ ውስጥ ሆነሽ ብትሠሪው ማንም አይከለክልሽም። ከዚያ የዳሌሽን ፊት ለፊት አጥንት ፈልጊ፤ ቀበቶ የሚያርፍበት ጎን ላይ ግራና ቀኝ ሾጠጥ ብሎ የሚነካው አጥንት ነው። ከሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ መሃልና ወደ ታች ወርደሽ የጣቶችሽን ጫፍ አሳርፊ። አየር በአፍንጫሽ አስገቢ። ቀስ ብለሽ ስታስወጪ፣ ሽንትሽን ለመያዝ እንደምታደርጊው ከታች ሰብስቢ፤ ከእምብርትሽ በታች ያለውን ሆድሽን ወደ ጀርባሽ ቀረብ አድርጊው። በሙሉ ኃይልሽ አይደለም፤ ከኃይልሽ ሩቡን ብትጠቀሚ ይበቃል። ጣትሽ ሥር ጡንቻው ቀስ ብሎ ሲወጠር ሊሰማሽ ይገባል። ጣትሽን ገፍቶ ካነሳው አብዝተሻል፣ ወይም እያማጥሽ ነው፤ ላላ አድርጊና እንደገና ጀምሪ። አሁን ትልቁ ነገር፦ ሆድሽን እንደያዝሽ መተንፈስሽን ቀጥዪ። 5 ሰከንድ፣ እየለመድሽው ስትሄጂ 10 ሰከንድ። ከዚያ ልቀቂው፣ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ደግመሽ ተነሺ። ጠዋትና ማታ ይበቃል።

ሲነሱም ዘዴ አለው። እንደ ሲት አፕ በቀጥታ ቀና አትበዪ። በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ በክንድሽ ገፍተሽ ተነሺ። በቀን ስንቴ ከአልጋ እንደምትነሺ አስቢው፤ ለልጅ ሌሊት የምትነሺው ሳይቆጠር ማለቴ ነው። ሆድሽ በየጊዜው ጉብ ከሚል ይሄንን ብታስለምጂው ይሻላል።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሠራሽ በኋላ በእጅና በጉልበትሽ ሆነሽ ሞክሪው። ቀጥሎ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ቡናው እስኪፈላ። ከዚያ ቆመሽ። ሲቀልልሽ ተኝተሽ አንድ እግርሽን ተረከዝሽ ፍራሹን ሳይለቅ እያንሸራተትሽ ዘርጊ፣ መልሺ፤ ሆድሽ ግን ቦታውን እንደያዘ። ወገብሽ ከፍራሹ ተነስቶ ከጎበጠ ወይም ሆድሽ መሃል ላይ ከወጣ ገና ነሽ፤ አንድ ደረጃ ተመለሺ። ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) እና ሲት አፕ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሲት አፕ መርዝ ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ በአልትራሳውንድ የተደረገ ጥናት ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ክፍተት ያለባቸው ሴቶች ቀና ሲሉ ጡንቻዎቹ ይቀራረባሉ፤ መሃል ያለው ጅማት ግን ይጨማደዳል፣ ይላላል። መጀመሪያ ጥልቁን ጡንቻ ሰብስበው ቀና ሲሉ ክፍተቱ ያን ያህል አይጠብም፤ ጅማቱ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቀን ሲት አፕ መሥራትሽ አይቀርም። ሆድሽ ጉብ የማይልበት ቀን ሲመጣ ጀምሪ፤ ከአምስት እንጂ ከመቶ አይደለም።

ማዞሩን በተመለከተ ደግሞ ቸል እንዳትዪው። አየር አውጥቶ፣ ትንፋሽ ቆልፎ፣ በባዶ ሆድ፣ ያውም ስታጠቢ። ባያዞርሽ ነበር የሚገርመው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በርን ወጥተሽ ደብረ ብርሃን ስትደርሺ 2,800 ሜትር ገደማ ነሽ። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ሰውነትሽ ለኑሮው ለምዶታል፤ ሳንባሽን ባዶ አድርገሽ ቆልፈሽ ስትቆዪ ግን ቶሎ ያልቅብሻል። ቪዲዮውን የሠራችው ልጅ ምናልባት ከባሕሩ ጫፍ ነው የምትኖረው፤ የሷን ሰከንድ አትቁጠሪ።

ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ሁለት ልጅ የወለደችና የምታጠባ ሴት ሲያዞራት መጀመሪያ መታየት ያለበት የደም ማነስ ነው። ልብሽ ቶሎ ቶሎ ይመታል? ደረጃ ስትወጪ ያደክምሻል? የዓይንሽ ውስጠኛ ቆብ ነጣ ብሏል? ስፖርቱን ብታቆሚም ማዞሩ ካልተወሽ ተመርመሪ።

ስለ ጾም አልነገርሽኝም፤ ግን አንቺም እንደ ብዙዎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ የምትውዪ ከሆነ ከስፖርቱ በፊት ይሄንን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። የምታጠባ እናት ጉዳይ ለእሳቸው አዲስ አይደለም። ማጥባት ብቻውን በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ይወስድብሻል። ሆድ ይገባል ብሎ ምግብ መዝለል ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው።

ትንፋሽ የሚቆለፍበትን ቫኪዩም ጨርሶ መሥራት የሌለባቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ኸርኒያ ያለበት፣ የጨጓራ ቁስለት የሚያሠቃየው፣ በቅርቡ በኦፕራሲዮን የወለደች። እነዚህ አይሞክሩት። ያለፈው ወር አበባሽ ካልመጣና “ደግሞ ያዝሽ እንዴ?” የሚሉሽ ሰዎች እውነት ይዘው እንዳይሆን ከጠረጠርሽም መጀመሪያ ተመርመሪ። ማጥባት ሁልጊዜ እርግዝና አይከለክልም።

እናትሽ ስላሉት መቀነት ልናገር። እናትሽ የተናገሩት ከልምድ ነው፣ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳቱም። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ለስለስ ያለ ማሰሪያ ሆድን ይደግፋል፣ ወገብንም ያሳርፋል። ሰው ሲያቅፍሽ እንደሚሰማሽ ዓይነት እርጋታም አለው። ግን መቀነት ጡንቻውን ተክቶ ይሠራለታል እንጂ ጡንቻውን አያጠነክረውም። አጥብቀሽ ካሰርሽው ደግሞ የሆድሽን ግፊት ወደ ታች ይገፋዋል። ስታስዪ ወይም ስትስቂ ሽንት ጠብ የሚልብሽ ከሆነ፣ ወይም ከታች የመውረድ ስሜት ካለሽ፣ ጥብቅ መቀነት ያባብሰዋል። ይሄንን አፍረው የማይናገሩ እናቶች ብዙ ናቸው። አትፈሪ፣ ተናገሪው፤ ሕክምና አለው። ለእናትሽም “እማዬ፣ ውስጡ ያለውን መቀነት እያሠራሁት ነው” በያቸው። ይገባቸዋል።

ስቡን የሚቀንሰው ምንድን ነው ካልሽኝ፣ መልሱ አዲስ ነገር የለውም። መራመድ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ። እንቅልፉን የዘጠኝ ወር ልጅ ይዘሽ ከየት እንደምታመጪው አላውቅም፤ ባለቤትሽ አንድ ሌሊት ይነሳልሽ። መራመዱ ግን በእጅሽ ነው። ከቢሮ ስትመለሺ ባጃጁን ትተሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ፈጠን ብለሽ በእግርሽ ሂጂ። ልጅሽን አዝለሽም ይሆናል፤ ወገብሽን አታጉብጪ እንጂ።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። የአራስ ቤት ገንፎ ከነቅቤው አራስ ቤት ይቅር። እኛ አገር አራስ ስትጠየቅ የሚመጣው ገንፎና አጥሚት ከልብ የሚመጣ ነው፣ ያስፈልጋልም። ብዙ ቤት ግን ልጁ መዳህ ከጀመረ በኋላም “ታጠባለች” ተብሎ እንደዚያው ይቀጥላል። ገብሱን አትተዪ፤ በሶውም ቆሎውም ጥሩ ነው፣ ያጠግባል። ቅቤውን ቀንሺ፣ ሻይሽ ላይ የምትጨምሪውን ስኳር ቀንሺ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይብዛ፤ እንቁላል በፍስኩ ጊዜ አይጥፋ። በወር አንድ ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ ከቀነስሽ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አትሩጪ፤ ወተትሽንም ጉልበትሽንም ይወስድብሻል።

“ደግሞ ያዝሽ እንዴ?” ለሚሉሽ ሰዎች ደግሞ፣ እህቴ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። ይህንን ዓምድ የምታነቡ ሰዎችም ስሙኝ። የሴት ሆድ የወሬ መክፈቻ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሐዘን የምትካፈል ሴት ስለ ሆዷ ልትጠየቅ አይገባም። አንዳንዷ ያስወረዳት ትሆናለች፣ አንዳንዷ ልጅ ፈልጋ ያጣች ትሆናለች። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

የጂም አሰልጣኝሽንም አትጣዪው። “ከእምብርቴ በላይ ክፍተት አለኝ፣ ስንት ጣት እንደሆነ ለክቼዋለሁ” ብለሽ ንገሪው። ደህና አሰልጣኝ ከሆነ ፕሮግራሙን ይለውጥልሻል። “ችግር የለውም፣ ግፊበት” ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ልምምዱን ለ8 ሳምንት ያዢውና መልሰሽ ለኪ፤ ያው በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ያው ጣት። ከጠበበ ወይም ጅማቱ ጠንከር ካለ ቀጥዪበት። ምንም ካልተለወጠ ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። እስከዚያው ግን ልጅሽ 9 ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው። ጤና ጣቢያ ይዘሽው ስትሄጂ የራስሽንም ካርድ አውጪ፤ ሆድሽን አሳዪያቸው፣ የደም ማነሱንም በዚያው ይዩልሽ።